ዓይን ተሸፍኖ የሚበላ ማዕድ



የሰው ልጅ የሚበላው በምላሱ ብቻ አይደለም። ሽታው፣ ድምፁ፣ አብሮት የተቀመጠው ሰው ጭምር ለምግቡ ጣዕም ይጨምሩለታል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቻርልስ ስፔንስ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የድንች ቺፕስ ሲቆረጠም የሚሰማው ድምፅ በመሣሪያ ሲጎላ፣ በሊዎቹ ቺፕሱ ይበልጥ ደረቅና ያልቆየ መስሎ ተሰምቷቸዋል።

ይህን እውቀት ይዘው ብዙ የሄዱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በስፔን ኢቢዛ ደሴት የተከፈተው ሰብሊሞሽን፣ 12 ሰዎችን በአንድ ገበታ አስቀምጦ ግድግዳውንና ጠረጴዛውን በብርሃን ምስል ይለዋውጥላቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ጣሊያናዊው የኪነ ጥበብ ባለሙያ ማቲያ ካሳሌኞ በኒውዮርክ ባሰናዳው ማዕድ፣ እንግዶች ዓይንን የሚሸፍን መነጽር አጥልቀው በሉ። የሚታያቸው በኮምፒዩተር የተሠራ ምስል ሲሆን አፋቸው የሚገባው ግን እውነተኛ ምግብ ነበር። ጥበቡ «ሚክስድ ሪያሊቲ» ይባላል፤ እውኑንና ምስሉን መቀየጥ ማለት ነው።

ጥበቡን አንነቅፍም፤ አእምሮን የሰጠ አላህ (ሱ.ወ.) ነውና። ሆኖም ሁለት ነገሮች ያሳስቡናል። አንደኛ፣ ሙስሊም የሚጎርሰውን ማወቅ አለበት። ዓይኑ የተሸፈነ ሰው ሐላልነቱን በምን ያረጋግጣል? ቢያንስ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ «እንበላለን፣ አንጠግብም» ላሉ ሰሓቦች ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡት ምክር አብረው እንዲበሉና የአላህን ስም እንዲያወሱ ነበር። በረካው ያለው በመሰባሰብ ነው። በኢፍጣር ገበታችን ዙሪያ ማን እንዳዘነ፣ ማን በደንብ እንዳልበላ የምናውቀው ፊት ለፊት ስንተያይ ነው። ጉርሻም ቢሆን ያለ ዓይን አይጥምም።

«ይህ የሀብታሞች ጉዳይ ነው» እንል ይሆናል። መነጽሩ ቤታችን ባይገባም ስልኩ ግን ገብቷል። ካርቱን ካላየ የማይጎርስ ሕፃን፣ እየበላ መልእክት የሚጽፍ ወጣት፣ ዓይናቸው ከማዕዱ ርቋል። እንግዲያው ወላጆች፣ ከቢስሚላህ በፊት የራሳችንን ጨምሮ ስልኮችን ሁሉ ከገበታው እናርቅ። ልጆቻችን የሽንኩርቱን ቁሌት ያሽትቱ፣ የሳምቡሳውን ጥብሳት ያዳምጡ፣ ማን እንደደከመበት ይወቁ። ከማንኛውም ምስል ይልቅ ይህ ማዕዱን ያጣፍጠዋል።

አላህ በሲሳያችን በረካ ያድርግልን። አሚን።