የሻማ ዘመን ድንጋይ

አልማዝን መገመት ወርቅን እንደመገመት ቀላል አይደለም። ወርቅ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ካራቱ ይታያል፤ በዕለቱ የግራም ዋጋ ይባዛና ነገሩ ያልቃል። በዚህ ስሌት ካራት የንጽሕና ልክ ነው፤ 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፣ 18 ካራት ደግሞ ሦስት አራተኛው ብቻ ወርቅ። ስለ አልማዝ ሲነገር ግን ያው ቃል ክብደት ይሆናል፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲደምር ለሚውል ለእንደኔ ዓይነቱ የባንክ ሠራተኛ እንኳ አንድ ቃል በሁለት ሚዛን ላይ መቀመጡ ግራ ያጋባል።

ይህን እንድማር ምክንያት የሆኑኝ አንዲት የሰፈራችን አረጋዊት ናቸው። እኛ ባምቢስ አካባቢ ተከራይተን ስንኖር፣ እርሳቸው የሚኖሩት ካዛንቺስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲበተን፣ እርሳቸውም ዕቃቸውን መሸከፍ ጀመሩ። አንድ ምሽት ባለቤቴን አስጠርተው ከመሐረባቸው ጫፍ አንድ ቀለበት ፈቱ።

"የጣትሽ ፈርጥ ደብዝዟል የኔ ልጅ። ይኼን ውሰጂና ወርቅ ቤት የገመተልኝን ስጡኝ፤ ለአዲሱ ቤት ፍሪጅ ልግዛበት።"

እውነታቸውን ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ቀለበት ሳስርላት አቅሜ የፈቀደው ባለ ዚርኮን ነበር። ዚርኮኑ በሳሙናና በበርበሬ ብዛት ዓይኑ ጠፍቷል። የተሻለ ልንገዛ ጥቂት በጥቂት ስንቆጥብ ቆይተናል።

ቀለበቱ ታሪክ አለው። የባምቢስ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአንድ ግሪካዊ መደብር እንደሆነ አንባቢዬ ያውቃል። የአረጋዊቷ እናት በዚያው አካባቢ የአንዲት ግሪካዊት እመቤት ወጥ ቤት ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ እመቤቲቱ አገር ለቀቁ፤ ሲሄዱም ቀለበቱን ከጣታቸው አውልቀው ሰጧቸው። "የቀረ ደመወዝ ይሁን የፍቅር፣ እናቴ አልነገረችኝም" ይላሉ አረጋዊቷ። ወርቅ ቤቱ 4 ግራም ባለ 18 ካራት ብሎ ገመተው፤ ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜን ያህል ነው። ድንጋዩን ከሂሳቡ አወጣው። ወርቅ ቤት ወርቅ ነው የሚገዛው፤ አልፈርድበትም።

እኔ ግን ከአንድ ሰዓት ሠሪ ወዳጄ ባለ 10 እጥፍ ማጉሊያ ተውሼ ድንጋዩን አየሁት። እናንተዬ! ክብ አይደለም፤ ማዕዘኖቹ እንደ ትራስ የተለዘቡ አራት ማዕዘን ነው። የላይኛው ጠፍጣፋ ገጹ ጠባብ፣ ትከሻው ከፍ ያለ፣ ወገቡ ወጣ ገባ። የታችኛው ጫፉ ሹል ሆኖ አላለቀም፤ በትንሽ ገጽ ተቆርጧል፤ ከላይ ሲያዩት እንደ መርፌ ቀዳዳ ይታያል። የገጾቹ ጠርዝ ግን ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም አልተሸራረፈም። ብርጭቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ሽንኩርት ሲላጥበትና ድስት ሲፈተግበት በተልከሰከሰ ነበር።

እንዲህ ያለው አቆራረጥ የእጅና የዓይን ሥራ ነው። የጥንቱ ሞራጅ ክብደት እንዳይባክንበት የጥሬውን ድንጋይ ቅርጽ ተከትሎ ይሞርድ ነበር፤ ትራስ መምሰሉም ከዚያ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ቤት የሚበራው በሻማና በኩራዝ ስለነበር፣ ሰፋፊዎቹ ገጾች ብርሃኑን ቀስ ብለው በትልልቁ ይረጩታል። ማርሴል ቶልኮቭስኪ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1919 የአልማዝን ማዕዘኖች በሂሳብ ቀምሮ መጽሐፍ ካወጣ በኋላ፣ የዛሬው ክብና ብልጭልጭ አቆራረጥ እየነገሠ መጣ። ብዙ ጥንታዊ ድንጋዮችም በአዲሱ ፋሽን እንደገና ተሞርደው፣ ክብደታቸውንም መልካቸውንም አጡ።

ፈርጥ የሚያውቅ አንድ ነጋዴ በሙቀት መለኪያው ነካው፤ መሣሪያው ጮኸ። አልማዝ ሙቀትን እጅግ ፈጥኖ ያስተላልፋልና። ሞይሳናይት የሚባለው ድንጋይም ይህን መሣሪያ ስለሚያታልል ነጋዴው በማጉሊያ ደጋግሞ አየው። በፋብሪካ የተሠራ አልማዝ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ሰው አልማዝ መሥራቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ለፈርጥ የሚሆነው ገበያውን የሞላው ደግሞ በእኛ ዘመን። ይህ ቀለበት ከመሐረቡ ያልወጣው ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ነጋዴው ከግማሽ ካራት በላይ ነው አለኝ፤ የጥንት አቆራረጥ ጥልቅ ስለሆነ ክብደቱን ከሆዱ ይደብቃል። ቀጥሎም የጠራልኝ ዋጋ ከወርቁ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር። "ውጭ ልኬ ክብ አስደርገዋለሁ" ብሎም አከለበት። ይህችኛዋን አልወደድኳትም።

ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። አረጋዊቷ የጠየቁን የወርቁን ዋጋ ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ በእጃችን አለ። ሂሳቡን እኔም በልቤ ሠርቼዋለሁ፤ ሂሳብ ሥራዬ ነው። ቀለበቱን ጣቷ ላይ አጥልቃ የኩራዝ ምትክ ሻማ ለኮሰችና ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አወለቀችው።

"ሳንነግራቸው ከገዛነው፣ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ፍሪጁ ነው" አለች።

በማግስቱ ሄደን ነገርናቸው። የነጋዴውን ዋጋ ስጠራ ዝም ብለው ሰሙኝ። "እናቴ በዚህ እጇ ነበር ሊጥ የምታቦካው" አሉና ሳቁ፤ ቆይተውም አለቀሱ። ቀለበቱን ተቀብለው እንደገና መሐረቡ ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

"እንግዲያው አልሸጥላችሁም፤ ለማንም አልሸጥ። ፍሪጁ ይቆይ።"

ባለቤቴ የዚርኮን ቀለበቷን ወደ መዳፏ አዙራ፣ ከተሸከፈው ዕቃ መካከል ጀበናውን ፈልጋ ቡና አፈላችላቸው።