አንድ ሰከንድ ከምናምን

ጓደኛዬ ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ ያድናል። ኤልክ ፈረስ የሚያህል የአጋዘን ዘር ነው፤ ወንዱ 300 ኪሎ ያልፋል። ዘንድሮ ጠመንጃ በልኩ ሊያሠራ ነው፣ ልክ እንደ ሙሽራ ሱፍ፦ ሰደፉ በትከሻው፣ በርሜሉ በመረጠው ርዝመት። የቀረው የጥይቱ ዓይነት ነው። ሠሪው በርሜሉን የሚቀርጸው ለአንድ ጥይት ብቻ ስለሆነ በኋላ ሐሳብ መቀየር ያስከፍላል። ማግነም እንዲሆን ቆርጧል፣ የትኛው የሚለው ነው የጠፋው። "አንተ ኢንጂነር አይደለህ? አስላልኝ" አለኝ። እኔ አፕ ነው የምሠራው፣ ግን እሺ አልኩት።

ማግነም በቁጥር የተወሰነ ትርጉም የለውም። ትልቁን የወይን ጠርሙስም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው፤ ባጭሩ ባሩድ የበዛበት ማለት ነው። (አያቶቻችን ቢያገኙት ጥሩ ስም ያወጡለት ነበር። ስናይደርን ስናድር፣ ፉዚ ግራን ውጅግራ ያሉ ሰዎች ናቸው።) እ.ኤ.አ. በ1912 የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በአንድ ጥይቱ ቀለህ ግርጌ ላይ የናስ ቀበቶ አደረገ። የቀለሁ ትከሻ በጣም ዘቅዛቃ ስለነበር ጥይቱን በቦታው የሚይዘው ቀበቶው ነበር። በ1962 የወጣው 7 ሚሊሜትር ረሚንግተን ማግነምና በ1963 የመጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም ግን ትከሻቸው ራሱ ሥራውን መሥራት እየቻለ ቀበቶውን ወረሱት። ማንም ሊነካው የማይደፍረው አሮጌ ኮድ በሉት። በ2022 የወጣው የሆርናዲ 7 ፒአርሲ ቀበቶ የለውም፤ ቀጭንና ረጅም አረር እንዲይዝ ታስቦ ነው የተሠራው።

አረሩ ረጅም መሆኑ የሚጠቅመው ለንፋስ ነው። የጎን ንፋስ አረሩን የሚገፋበት ርቀት ቀመር የሚገርም ቀላል ነው፦ አየር ያዘገየበትን ጊዜ በንፋሱ ፍጥነት ማባዛት። በሰከንድ 900 ሜትር የወጣ አረር አየር ባይኖር 1000 ሜትርን በ1.11 ሰከንድ ይጨርሳል። ጥሩ ቅርጽ ያለው በእውነቱ አየር ውስጥ 1.45 አካባቢ ይፈጅበታል። ልዩነቱ 0.34 ነው። በሰከንድ 4 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ፣ ማለትም ቅጠል የሚያወዛውዝ ያህል፣ ከአንድ ሜትር በላይ ያስተዋል። ቅርጹ በተሻለ ቁጥር ያቺ 0.34 ትጠባለች፤ የማግነም ትርፉ እዚህ ጋ ነው።

ዋጋውም አለ። ባሩድ ሲበዛ በርሜል ቶሎ ይበላል፣ ሰደፉም ትከሻ ይረግጣል። ርግጫ የፈራ ሰው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ምላጭ የሚስበው፤ ያን ጊዜ የእኔ ሒሳብ ምንም አይሠራም። .300ውን ያስተውኩት በዚህ ነው።

ያልተፈታው 1.45ቱ ነው። ማግነም ያልሆነውን 6.5 ክሪድሞር ቢይዝ ኖሮ በዚሁ ርቀት ልዩነቱ ሩብ ሰከንድ አይሞላም። በሁለቱም ኤልኩ አንድ እርምጃ መራመጃ ጊዜ አለው። ሳንባው ላይ የታለመው አረር ሆዱን ያገኛል፤ ሆዱን የተመታ ኤልክ ደግሞ ጫካ ገብቶ ለሰዓታት እየተሰቃየ ነው የሚሞተው። ንፋስ ይገመታል። የእንስሳ እርምጃ ግን በየትኛው ቀመር ይገባል? ያለው መፍትሔ መቅረብ ነው፤ 500 ሜትር ላይ ጊዜው ከ0.6 ሰከንድ ብዙም አያልፍም።

ትዕዛዙ ላይ 7 ፒአርሲ ተጽፏል። ከስንት ሜትር በላይ እንደማይተኩስ ግን አልተስማማንም። እሱ 600 ይላል፣ እኔ 400። "ታዲያ ማግነሙን ለምን ገዛሁት?" ይለኛል። ጠመንጃው ተሠርቶ እስኪደርስ ወራት ይቀሩታል፣ እየተከራከርን ነው።