መሪና መሪጌታ

በአማርኛችን «መሪ» የሚለው ቃል ብዙ ጭነት የተሸከመ ቃል ነው። ሕዝብን የሚመራ መሪ ይባላል፤ በቅኔ ማሕሌት ቆሞ ዜማውን የሚመራው ሊቅ መሪጌታ ይባላል፤ አውቶሞቢል የሚታጠፍበትም ክብ ነገር እንደዚሁ መሪ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የማወራው ስለ ሁለቱ የኋለኞች ነው፤ ይኸውም ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ መሪጌታውና፣ ልጃቸው በደብረ ብርሃን ከተማ በእኔ ቤት ስለ ሠራው የመኪና መሪ ነው።

ወንድሜ በአንኮበር አካባቢ ካሉት አድባራት በአንዱ ያገለግላሉ። ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደዋል። ታላቁ ለማንም ሳይናገር በአፋር በረሃ በኩል ወደ ኦቦክ ወርዶ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ። ከየመን አንድ ጊዜ ስልክ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። እናቱ ዛሬም በየወሩ በ12 ቅዱስ ሚካኤልን ስትዘክር የእርሱን ድርሻ ለይታ ለነዳያን ትሰጣለች። ታናሹ ዲያቆን ነው፤ በእኔ ቤት ተቀምጦ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ በ2015 ዓ.ም. የአገር አቀፉን ፈተና ወሰደ። በዚያ ዓመት በመላው አገር ከተፈተኑት 100 ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ አንባቢ ያስታውሳል። የእኛም ልጅ ከ97ቱ አንዱ ሆነ። ውጤቱን ካየ በኋላ ዝም አለ። ታላቁም ከመሄዱ በፊት እንደዚሁ ዝም ብሎ ስለ ነበረ፣ እኔና ባለቤቴ ሌሊት የበር ድምፅ በሰማን ቁጥር ብድግ እንል ጀመር።

ዝምታውን የሰበረው ከቁራሌው የገዛው የብረት ቱቦ ነው። ቱቦውን ቆርጦ፣ በጎረቤት ብየዳ ቤት አስበይዶ፣ አራት የእጅ ጋሪ ጎማ አግብቶበት፣ ከተሰባበረ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የወሰደውን ሞተር ከኋላ አሠረበትና፣ 1 ሜትር ከ30 ርዝመት ያለው፣ ከነባትሪው 30 ኪሎ የሚመዝን መኪና አቆመ። ሰው የማይቀመጥበት፣ ከሩቅ በራዲዮ የሚታዘዝ መኪና ነው። ምን ያደርግልሃል ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይሂድ እንጂ ሥራ አይጠፋለትም» አለኝ። ባለቤቴ ግን ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ያመላልስልኛል ብላ ወዲያው ሥራ ሰጠችው።

ሞተሩ ለመሄድ አላስቸገረም፤ ያስቸገረው መታጠፉ ነው። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ሾፌር ስለሌለ፣ የፊቱን ጎማዎች ግራና ቀኝ የሚያዞረው ሰርቮ የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። ከመርካቶ የመጣችው ሰርቮ የክብሪት ቀፎ የምታህል ስትሆን፣ የፕላስቲክ ጥርሶቿ በመጀመሪያው ምሽት ተላጡ። ምክንያቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። እንዲህ ያለችው ሰርቮ ጕልበቷ፣ 1 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክንድ ጫፍ ላይ 3 ኪሎ ያህል መግፋት ነው። ክንዱ 4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግፊቷ ወደ 750 ግራም ይወርዳል። በ750 ግራም ግፊት፣ 30 ኪሎ የተጫናቸውን የጋሪ ጎማዎች በጠጠር ላይ ቆመው ሳለ ማዞር፣ በሬን በክር እንደ መሳብ ነው። ለትልልቅ መኪናዎች የሚሆን ብርቱ ሰርቮ በውጭ አገር ይሸጣል፤ ነገር ግን በዶላር የሚገዛውን ነገር ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ መመኘት ትርፉ ድካም ስለ ሆነ፣ ልጁ ራሱ ሊሠራው ተነሣ።

ሰርቮ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ላብራራ። ስሙ አገልጋይ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። በ1860ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ግሬት ኢስተርን የተባለችውን ታላቅ መርከብ መሪ በሰው ክንድ ማዞር ስላስቸገረ በእንፋሎት የሚዞር ተሠራላት። ፋርኮ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስም በ1873 በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ሞተር «ሰርቮ ሞተር» ብሎ ጠራው። ተራ ሞተር ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ዝም ብሎ ይዞራል፤ የት እንዳለ አያውቅም። ሰርቮ ግን የታዘዘበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ቢገፉት ይመለሳል። ይህን የሚያደርገው በዘንጉ ላይ ያለችው፣ የድሮ ራዲዮ ድምፅ መጨመሪያን የመሰለች ተዟዟሪ መለኪያ ናት። መለኪያዋ ዘንጉ አሁን ያለበትን ትናገራለች፤ ከራዲዮው ደግሞ በ1 ሴኮንድ 50 ጊዜ ትእዛዝ ይመጣል። ትእዛዙ የሺኛ ሴኮንድ አንድ ተኩል ያህል ከቆየ መሐል ቁም ማለት ነው፤ ወደ አንድ ሲያጥር በአንዱ ወገን፣ ወደ ሁለት ሲረዝም በሌላው ወገን ታጠፍ ማለት ነው። በውስጡ ያለው ወረዳ የታዘዘውንና የሆነውን እያስተያየ፣ ልዩነቱ እስኪጠፋ ድረስ ሞተሩን ያዝዘዋል።

እንግዲህ ልጁ ያሰበው፣ ጥርሷ የተላጠውን የትንሿን ሰርቮ አእምሮ ወስዶ ትልቅ ጡንቻ መስጠት ነው። ጡንቻውን ያገኘው ከአሮጌ ሚኒባስ የዝናብ መጥረጊያ ነው። የመጥረጊያ ሞተር በ12 ቮልት ይሠራል፤ በውስጡ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ ትልቅ ጥርስ እያዞረ ፍጥነቱን ቀንሶ ኃይሉን ያበዛዋል። ይህ አሠራር ሌላም በረከት አለው፤ ሞተሩ ጎማውን ያዞረዋል እንጂ ጎማው ሞተሩን መልሶ ሊያዞረው አይችልም፤ ስለዚህ መኪናው ድንጋይ ሲመታ መሪው ካለበት አይናወጥም። ነገር ግን ምቱ ሁሉ በጥርሱ ላይ እንዳያርፍ በማገናኛው ዘንግ ላይ ጠንካራ ሞላ ጨመረበት። ፍጥነቱንም አብረን አሰላነው፤ ዘንጉ በደቂቃ 45 ጊዜ ቢዞር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ላለው 60 ዲግሪ የሚፈጅበት ከሩብ ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ ለመሪ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው የሁለት ወር ትግል ነው። የመጥረጊያ ሞተር በአንድ ወገን ብቻ እንዲዞር የተሠራ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪኩ መመለሻ ከራሱ ከቆርቆሮው ጋር ይያያዛል። ወዲያና ወዲህ እንዲዞር ከተፈለገ ሞተሩን ፈትቶ ያንን ማያያዣ መለየትና በሽቦ ማውጣት ያስፈልጋል። ደግሞም ሞተሩ ሲጨነቅ 20 አምፔርና ከዚያ በላይ ስለሚስብ፣ የትንሿ ሰርቮ ወረዳ በቅጽበት ይቃጠላል፤ ስለዚህ በመካከል አራት ትልልቅ ትራንዚስተሮች አቁሞ፣ ትንሿ እንድታዝዝ፣ ትልልቆቹ እንዲሸከሙ አደረገ። ለመለኪያው የእናቴን የድሮ ራዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ለመነኝና ሰጠሁት፤ መኪናው ግን ወደ ግራ ጥቂት፣ ወደ ቀኝ ብዙ ይታጠፍ ጀመር። የጆሮአችን አሰማም እኩል ስላይደለ፣ የራዲዮ ድምፅ መጨመሪያዎች እኩል በእኩል እንዲጨምሩ ሆነው አይሠሩም፤ መሪ ግን እኩል የሚጨምር መለኪያ ይፈልጋል። በመጨረሻ የትንሿን ሰርቮ መለኪያ አውጥቶ በመጥረጊያው ዘንግ ላይ ተከላት። ራዲዮው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እስከ ዛሬ ግን ድምፁ ይንኮሻኮሻል።

በታኅሣሥ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ ወንድሜ ጥርሳቸውን ሊታከሙ ከአንኮበር መጡና ሦስት ሌሊት በእኛ ቤት አደሩ። የመጡበት ሌላም ጉዳይ ነበራቸው፤ ይኸውም ልጁን ይዘው ሊመለሱና የጀመረውን ድጓ ሊያስጨርሱት ነው። በግቢው ሲገቡ ልጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ተቀብቶ፣ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ አገኙት። ጥቂት ቆመው አዩትና «ዲያቆን ሆነህ ሳለ ቀጥቃጭ ልትሆን ነው?» አሉት።

ይህ ቃል በአገራችን ቀላል ቃል አይደለም። በሸዋ ምድር ማረሻውን የሚሠራልንን ጠይብ ስንሰድበው፣ እንሥራ የምትሠራልንን ስንሸሻት ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ፣ እዚሁ ከደብረ ብርሃን ጥግ በአንጎለላ የተወለዱት፣ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። በዚያው ዓመት ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም አስቀድሞ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰውን ስዊሳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሰፋላቸው ነው እየተባለ ይነገራል። እርሱም መሐንዲስ ነኝ ብሎ አላኮረፈም። አዋጁ መቶ ዓመት ሲያልፈው ስድቡ ግን በየቤታችን አለ፤ ሊቃውንት በሚኖሩበትም ቤት ጭምር። ይህን ለወንድሜ በቃል አልተናገርኩም፤ ታላቄ ናቸውና።

በማግሥቱ ልጁ ሰርቮውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከባትሪው ጋር አገናኘው። ወንድሜ ጋቢያቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ማለዳ እንዴት እንደሚያቆር የሚያውቅ ያውቀዋል። መሪው በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ተወርውሮ ከጫፍ ተጋጨና እየጮኸ እዚያው ቀረ፤ ፊውዙም ተቃጠለ።

«ምን ሆነ?» አሉ ወንድሜ።

«አባባ፣ የመለኪያው ሽቦ ተገላብጧል። በቀኝ ሲሄድ ‹ወደ ግራ ሄደሃል› ብሎ ስለሚነግረው፣ ለመመለስ ሲል ይበልጥ ይርቃል።»

የዳር ዳሩን ሁለት ሽቦ አለዋወጠና አዲስ ፊውዝ አገባ። በዚህ ጊዜ መሪው መሐል መጣ፤ ነገር ግን አልረጋም፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወንድሜ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«አሁንስ?»

«አሁን ስሕተቱን ይሰማል፤ ግን ሲያርም ያልፈዋል። ካለፈው ሲመለስ ደግሞ በዚያ ወገን ያልፈዋል።»

«ይህማ የዜማ ተማሪ ነው» አሉ ወንድሜ። «መጀመሪያ የመጣ ልጅ ዝቅ ብለሃል ስትለው ይሰቅለዋል፤ ሰቀልህ ስትለው ይጥለዋል። እንዲህ ያለውን ቶሎ ቶሎ አላርመውም። ትንሿን ትቼ ትልቋን ብቻ እነግረዋለሁ፤ ሲረጋ ነው ወደ ትንሿ የምመለሰው።»

ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። ያሉት ነገር እርሱ ሊያደርገው ያሰበው ነበረ፤ ይኸውም ሰርቮው እጅግ ጥቃቅን ልዩነቶችን እንዲተው የመተያያውን ወሰን ጥቂት ማስፋት ነው። አንዲት የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ ፈትቶ በሌላ ለወጣት። መሪው አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሶ ቀጥ አለ። ወንድሜ ተነሥተው በእግራቸው ጎማውን ገፉት፤ አልነቃነቅ አለ። በሁለት እጃቸው ይዘው ቢታገሉትም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ሙሉ ቀን ከግቢው አልወጡም፤ ሕክምናቸውንም ለማግሥቱ አሸጋገሩት።

ማታ ሽሮ ቀርቦ ስንበላ ስለ ኒኮላ ቴስላ አጫወትኋቸው። በራዲዮ የምትታዘዝ ጀልባ ሠርቶ በ1898 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በኒው ዮርክ ለሕዝብ ያሳየው እርሱ ነው፤ የጀልባዋን መሪ የሚያዞረው በውስጧ ያለ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበረ። አባቱ በሰርቦች ዘንድ የኦርቶዶክስ ካህን ነበሩ።

«ሰርቦች በኬልቄዶን ከእኛ የተለዩ ናቸው» አሉ ወንድሜ፤ ሊቅ ናቸውና ይህን ሳይሉ አያልፉም።

«ናቸው። ካህኑ ግን ልጃቸው ክህነቱን እንዲወርስ ይፈልጉ ነበር። ልጁ በኮሌራ ታሞ ለወራት ተኝቶ ሳለ፣ ምሕንድስና እንድማር ብትፈቅድልኝ እድን ይሆናል አላቸው። አባትየውም ከሁሉ በሚሻለው ትምህርት ቤት አስገባሃለሁ አሉት። ዳነም።»

ወንድሜ እጃቸውን ታጠቡ። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ ባለቤቴ ዘወር ብለው «ታላቁ ምን ልማር ብሎ ጠይቆኝ ነበር?» አሉ። መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲጠይቅ ዝም ማለት ይሻላል።

በሦስተኛው ቀን ሲሄዱ ልጁን አልወሰዱትም። በከተማው ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ትምህርት እንዲመዘገብ ፈቀዱ፤ በበዓላት ግን ለማሕሌት አንኮበር እንዲገኝ አዘዙ። ጥምቀትን ሄዶ አገለገለ። እናቱ፣ ራዲዮው ከምን ያህል ርቀት እንደሚያዝዝ ጠየቀችው አለኝ። «ከ200 ሜትር አያልፍም» ብሏታል።

መኪናው አሁን በጠባሴ ሜዳ ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጀሪካን ተጭኖ ይዞራል። የሰፈር ልጆች ይከተሉታል፤ እኛም እናባርራቸዋለን፤ ያ መሪ የልጅ ጣት ቢይዝ ሳይሰብር አይለቅምና። ለዚህም ልጁ፣ የራዲዮው ትእዛዝ በተቋረጠ ጊዜ ሞተሮቹ ሁሉ በራሳቸው ኤሌክትሪክ እንዲያጡ አድርጓል። ይህን የማያደርግ ሰው እንዲህ ያለ ከባድ መኪና ባይሠራ ይሻላል እላለሁ። የቀረው የፍሬኑ ሰርቮ ነው፤ ቁልቁለት ላይ አንድ ጊዜ አምልጦን ከአጥር ጋር ተጋጭቷል። ለፍሬኑ የበር መስታወት ማንሻ ሞተር ይበቃል ብለን ለቁራሌው ነግረነዋል፤ እስካሁን ያመጣልን ሁለት ሲሆን፣ ሁለቱም የተቃጠሉ ናቸው።