አባቴን በአንድ ዓይን ሣልኳቸው

በሳምንት ሦስት ቀን ከመሥሪያ ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤቴ አልሄድም። የት እንደምሄድ ለማወቅ ጎረቤቶቼ ሁለት ወር ፈጅቶባቸዋል። አንዷ በብብቴ የማቅፈውን ትልቅ ጠፍጣፋ ቦርሳ አይታ «ቆርቆሮ ነው እንዴ የተሸከምሽው?» ብላኛለች። ሌላዋ ትንሿን ልጄን አስቁማ «እናትሽ ሁለተኛ ሥራ ያዘች?» ስትል ጠየቀቻት። እውነቱ ሲነገራቸው ሁለቱም ሳቁ። በ51 ዓመቴ የማታ ተማሪ ሆኛለሁ፤ የምማረው ደግሞ ሥዕል ነው።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። 28 ዓመት ሙሉ የሰው ገንዘብ ስደምርና ስቀንስ ኖሬአለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ሥራ ይዟል፣ መካከለኛዋ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ትንሿ 11ኛ ክፍል ደርሳለች። እናቴ ካረፈች ወዲህ፣ አሁን ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ አባቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። 84 ዓመታቸው ነው። እኔ በማልኖርባቸው ማታዎች እራታቸውንና መድኃኒታቸውን የምትሰጣቸው ትንሿ ልጄ ናት። ይህንን በነፃ አላደረገችውም፤ ተዋውለናል፤ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ማጠብ ከእርሷ ወደ እኔ ዞሯል።

ለትምህርቱ የከፈልኩት ከዕቁብ በወጣልኝ ብር ነው። በዚያ ብር ሶፋ ልንቀይር ተስማምተን ነበር። ባለቤቴ ነገሩን ስነግረው ጥቂት አሰበና «ሶፋው እስክትመረቂ ይቆያል?» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ሶፋው አልቆየም፤ አንድ እግሩ ተሰብሮ አሁን በጡብ ተደግፎ ነው የቆመው። መካከለኛዋ ልጄ ግን አኮረፈች። «እማዬ፣ ከእኔ እኩዮች ጋር ደብተር ይዘሽ ልትቀመጪ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ሰው የሚለውን እኔም ፈርቼ ነበር፤ ለእርሷ ግን አልነገርኳትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። ልጅ ሳለሁ እሑድ እሑድ አራዳ ጊዮርጊስ ይወስዱኝ ነበር። ቅዳሴው ሲረዝምብኝ አንገቴን አንጋጥጬ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች አያለሁ። አባቴ በክርናቸው ነካ አድርገው ወደ መሬት እንድመለከት ያደርጉኛል፤ እኔ ተመልሼ ግድግዳውን። ቤት ስገባ በደብተሬ የጀርባ ሽፋን ላይ ፈረስ እሥላለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ፈረስ አሥይልን እያሉ ደብተራቸውን ይሰጡኝ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ማትሪክ ልፈተን ስል ስለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ሰማሁ። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት ያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። መግባት እንደምፈልግ አንድ ቀን እራት ላይ ተናገርኩ። አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። የያዙትን ጉርሻ ጎርሰው፣ አላምጠው፣ ውኃ ጠጥተው ሲያበቁ «ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊን ያበላ እንደሆነ ነው። እሱም ጠግቦ አያድርም። አንቺ ሒሳብ ትማሪያለሽ» አሉ። በእኛ ቤት አባቴ ከተናገሩ በኋላ የሚናገር ሰው አልነበረም። ኮሜርስ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት! ለባለቤቴ ገና ሳንጋባ ነግሬዋለሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ በቃላቸው ያውቁታል። ከቀደምቶቹ ሴት ሠዓሊዎች አንዷ የሆነችው የደስታ ሐጎስ ሥራ በጋዜጣ ወይም በቴሌቪዥን ከታየ ልጆቼ እርስ በርስ ይተያዩና ይስቃሉ፤ ምን እንደምል ያውቃሉ። «አባቴ ባይከለክሉኝ ኖሮ እኔም እኮ ሠዓሊ ነበርኩ።»

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። መምህሯ መስያቸው ነው። ሄጄ ከኋላ ስቀመጥ እነርሱም እኔም የምንገባበት አጣን። አሁን «ማዘር» ይሉኛል። መምህሬ ከትልቁ ልጄ ቢበልጥ በአምስት ዓመት ነው፤ እሱ «እርስዎ» ይለኛል፣ እኔም መምህር ነውና «እርስዎ» እለዋለሁ።

ሰው መሣል ወዲያው የሚጀመር መስሎኝ ነበር። ሳጥን፣ ጠርሙስና የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ስንሥል ነው የከረምነው። እርሳሱን በተዘረጋ ክንድ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ መለካት አለ። ይህስ ለሒሳብ ሠራተኛ የተሠራ ነው። ጠርሙሱ የሳጥኑን አንድ ተኩል ከሆነ ወረቀቱም ላይ አንድ ተኩል መሆን አለበት፤ ዴቢትና ክሬዲት ማለት ነው። በከሰል ስንሠራ ደግሞ ማጥፊያው የዳቦ ልብ ነው ተባልን። ወጣቶቹ ዳቦውን እየቆረሱ ወረቀቱን ፈተጉበት። እኔ አልቻልኩም። ዳቦ መሬት ሲወድቅ አንሥታችሁ ሳሙት እየተባልን ነው ያደግነው። በበነጋው ላጲስ ገዛሁ።

ትልቁ ጣጣዬ መነጽር ነበር። የእኔ የቅርብ ነው። ሳደርገው ወረቀቱ ጥርት ይላል፣ ጠርሙሱ ጉም ይለብሳል። ሳወልቀው ጠርሙሱ ይመጣል፣ ወረቀቱ ይጠፋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳደርግና ሳወልቅ ጆሮዬ ተላጠ። አንድ ጥቅም ግን አግኝቼበታለሁ። መምህሩ «ዓይናችሁን ጠበብ አድርጉ፤ ዝርዝሩን ተዉት፤ ብርሃኑንና ጥላውን ብቻ ለዩ» ሲል ወጣቶቹ ፊታቸውን ጨምድደው ይታገላሉ። ለእኔ መነጽር ማስተካከል ብቻ በቂ ነው፤ ዓለሙ ሁሉ ብርሃንና ጥላ ይሆናል።

በየሁለት ሳምንቱ ሥራችንን ግድግዳ ላይ እንለጥፍና አንድ በአንድ እንነጋገርበታለን። ቀን ቀን የሱቅ ታፔላ እየጻፈ የሚተዳደር አንድ ልጅ አለ። የእሱን ጠርሙስ ከወረቀቱ ላይ አንሥቶ መቅዳት ይቻላል። የእኔ ጠርሙስ ግድግዳ የተደገፈ ሰካራም ይመስላል። መምህሩ ፊት ለፊቱ ቆሞ ቆየና በትሕትና «የሣሉት የሚያውቁትን ጠርሙስ ነው፤ ፊትዎ ያለውን አይደለም» አለኝ። በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም እንደዚያው ሆነ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያገኘሁት «ሲ» ነበር። ለማጽናኛ የተሰጠኝ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።

ያን ዕለት ማታ ማዕድ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። የነጥቡ ነገር አልነበረም ያስለቀሰኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ስናገረው የኖርኩት ታሪክ ነው። ሠዓሊ ነበርኩ፣ ተከለከልኩ። ማን ነው ሠዓሊ ነበርሽ ያለኝ? በደብተር ጀርባ ፈረስ የሠራሁላቸው ልጆች ናቸው። ያኔ የመግቢያ ፈተናውን ብቀመጥ ልወድቅ እችል ነበር። ወይም አልፌ ከክፍሉ መጨረሻ ልሆን እችል ነበር። አባቴ በመከልከላቸው ይህን ሳላውቅ፣ ሳልፈተን ኖርኩ። ሳስበው ደግሞ ቅሬታው ተመችቶኝ ኖሯል። ሥዕሌን ማንም ግድግዳ ላይ ለጥፎ ጠማማ ነው አላለኝም፤ ስላልነበረ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ታሪክ ሳይኖር አይቀርም፤ ያልተገባበት ትምህርት፣ ያልተሄደበት አገር። የእኔ ሲወሰድብኝ ባዶ እጄን የቀረሁ መሰለኝ።

ላቋርጥ አሰብኩ። ባለቤቴን ስጠይቀው «ሶፋውን ሠውተንበት?» አለኝ። ቀጠልኩ።

ዘንድሮ አንድ የቤት ሥራ ተሰጠን። አንድ ሰው መርጠን፣ ያንኑ ሰው ሃያ ጊዜ መሣል ነው። ቤቴ ውስጥ ሰው ሞላ፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ግን የለም። ልጆቹ ስልካቸውን ሲያዩ አንገታቸው ይሰበራል፣ ባለቤቴ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ያንኮራፋል። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ቀኙ ጉንጫቸው ላይ ብርሃን ወድቋል። ወንበሬን በጎናቸው አድርጌ አንድ ሰዓት ያህል ሠራሁ። አፍንጫው አስቸገረኝ እንጂ፣ ለእኔ መቼም ደህና ነበር።

«እስቲ አምጪው» አሉኝ። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት።

«ይህ እኔ ነኝ?»

«አዎ አባባ።»

«ሌላው ዓይኔስ?»

«በጎን ስለሆነ አይታይም እኮ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እንግዲህ ከይሁዳ ጋር ደመርሽኝ» አሉ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስመው ያደሩ ሰው ናቸው። በሀገራችን የጥንት ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ከሐዲ በአብዛኛው በጎን ነው፣ በአንድ ዓይን። የዓድዋ ጦርነትን የሚያሳዩትን ሥዕሎች ተመልከቱ፤ የእኛ ሰዎች በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፣ ጣሊያኖቹ በጎን ተሰልፈዋል። ይህን እኔም በክፍል ተምሬዋለሁ፤ ጥያቄም መልሼበታለሁ። አባቴን ስሥል ግን ትዝ አላለኝም።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ብርሃኑ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው፣ ቴሌቪዥኑ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው እያልኩ ለራሴ አስረዳሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ወንበሬን ፊት ለፊታቸው ማድረግ አላሰብኩም ነበር፤ ሃያውንም በጎን ልሠራቸው ነበር።

ጠዋት ቡና ሳፈላ «አባባ፣ የትናንቱ ክፋት የለበትም» አልኳቸው።

«ክፋት አለው አላልኩም።» ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ያንን የትምህርትሽን ነገር ለልጆችሽ ስትነግሪ እሰማለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።»

የምናገረው ጠፋኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ክፍል ተኝተው ሲሰሙ ኖረዋል ማለት ነው።

«ያኔ ደሞዜ 230 ብር ነበር» አሉ ቀጥለው። «አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፤ ከሥርሽ አራት አሉ። እኔ ዛሬ ነገ ብሞት እነዚያን ማን ያሳድጋል ብዬ ነው። ተሳስቻለሁ አልልሽም። ሁለት ዓይን ግን ይገባኛል።»

እውነት ነው፤ ሁለቱን ታናናሾቼን ያስተማረው የእኔ ደሞዝ ነው። ይህን እያወቅኩም ልክ ነበሩ ማለት አልቻልኩም። ያቺ የ17 ዓመት ልጅ ቢያንስ ፈተናውን ወስዳ መውደቅ ይገባት ነበር። ይህን አልተናገርኩም። ሁለተኛውን ቡና ቀዳሁላቸው።

ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ነው የምሥላቸው። ከጠርሙሱም ከሳጥኑም ይከብዳል። ጀማሪ ሁሉ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሲለካ ግን ዓይን የሚገኘው ከጭንቅላት ጫፍ እስከ አገጭ ባለው ርቀት መሐል ላይ ነው። ክንዴን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ስለካ እሳቸው መልሰው ያዩኛል። በእኛ ቤት ልጅ አባቱን ሲያናግር መሬት መሬት ነው የሚያየው። የግራ ቅንድባቸው ከቀኙ ዝቅ እንደሚል፣ ከታች ከንፈራቸው ሥር ትንሽ ጠባሳ እንዳለ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ጠባሳውን ስጠይቃቸው «በቅሎ ናት» ብለው ዝም አሉ።

ሥራዎቹ አሁንም ጥሩ አይደሉም። ሦስተኛው ላይ ታናሽ ወንድማቸውን ይመስላሉ፤ አምስተኛው ላይ ማንንም አይመስሉም። ስምንተኛውን ግድግዳ ላይ ስለጥፈው መምህሩ በጣቱ የግራ ዓይናቸውን አሳየና «እዚህ ጋ አይተዋል» አለኝ። ስለ ቀኙ ዓይን ያለውን አልጽፈውም።

አሁን አሥራ አራት ደርሻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የምሳ ዕቃ አጥቤ እጄን እያደረቅኩ ወደ ሳሎን ስገባ፣ አባቴ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ወንበር አዙረው ተቀምጠዋል።

«ቶሎ በይ እንጂ» አሉኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዕድር ስብሰባ አለብኝ።»