ኤሲ 128 የጠፋ ጊዜ

በ1991 ዓ.ም. ቡለን ውስጥ ሬዲዮ የሌለው ሰው ሬዲዮ ያለው ጎረቤቱ ደጅ ላይ ያመሽ ነበር። ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ጦርነት ከብዙ ቤት ልጅ ወስዷል። የግንባሩን ወሬ የምንሰማው ከኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ እንዲሁም በ1957 ዓ.ም. የአማርኛ ስርጭት ከጀመረው ከጀርመን ድምፅ ነበር። እኔ ያኔ ጋሼ እያልኩ ከምጠራው ሬዲዮ ጠጋኝ ሥር ሙያ የምማር ልጅ ነኝ።

አንድ የሽናሻ አዛውንት አሮጌ ፊሊፕስ በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። ልጃቸው ዘምቷል። ጋሼ ክዳኑን ከፍቶ በቴስተር ሲለካ፣ ድምፁን ወደ ስፒከሩ ከሚያወጡት ሁለት ኤሲ 128 ትራንዚስተሮች አንዱ ተቃጥሏል። ኤሲ 128 የጀርማኒየም ዕቃ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ወደ ሲሊከን ከዞሩ ቆይተዋል። ቻግኒ አስፈልገን አጣን። መርካቶ የላክነው ሰው ይዞልን የመጣው ቢዲ 140 ነበር፣ ሲሊከን።

«ልጄ፣ የማይሆን ከሆነ ቁርጤን ንገረኝ» አሉ።

«አባቴ፣ ነገ ማታ ለዜና ይድረሱ» አላቸው።

ሁለቱንም ኤሲ 128 ነቀለ። ድምፁን ለሁለት ተካፍለው የሚሠሩ ጥንዶች ስለሆኑ አንዱን ጀርማኒየም፣ ሌላውን ሲሊከን ማድረግ አይቻልም። ቢዲዎቹን እግራቸውን ለይቶ በየዳቸውና ሌላ ምንም ሳይነካ ሬዲዮውን ከፈተልኝ፤ መቀየሩ ብቻ ለምን እንደማይበቃ በጆሮዬ እንድሰማው ፈልጎ ነው። ጋዜጠኛው ድምፁን ሲያነሳ ይሰማል፤ ዝግ ሲል ይሻክርና ይጠፋል። ጀርማኒየም 0.2 ቮልት አካባቢ ሲያገኝ ይነቃል፤ ሲሊከን 0.6 ይፈልጋል። የድሮው ሰርኪዩት ደግሞ የተሠራው ለ0.2 ነው።

ይህን ቮልት የሚሰጠውን ሬዚስተር ተለቅ ባለ መቀየር ያን ማታ ይበቃ ነበር። ጋሼ ግን የገበሬውን አያያዝ ያውቃል፤ ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ እያሰጣ እስከ መጨረሻው ይጠቀምበታል። ድንጋዩ ሲደክም ከሬዚስተሮቹ የሚገኘው ቮልትም አብሮ ይወርዳል፣ መሻከሩም ይመለሳል። ስለዚህ በሬዚስተሩ ቦታ 1ኤን 4148 ዳዮድ አስገባ፤ ዳዮድ ባትሪው ቢደክምም ከ0.6 ብዙ አይርቅም። ከዚያ ዳዮዱን ከአንዱ ቢዲ ጋር አስጠግቶ በክር አሰረው። ትራንዚስተር በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው ቮልት በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል፤ አብሮት የሞቀው ዳዮድም እኩል ይቀንስለታል። ይህ ባይኖር ኖሮ ሬዲዮው ሲሞቅ ድንጋይ ይጨርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲሠሩ አይቻለሁ፤ የዕቃውን ባለቤት አኗኗር እንዲህ ከሰርኪዩት ጋር ያሰበ ግን ጥቂት ነው።

አዛውንቱ በማግስቱ መጡ፤ ዜናው ጥርት ብሎ ተሰማ። የካቲት ላይ ባድመ በኢትዮጵያ ጦር መያዟ ሲነገርም ከዚያው ሬዲዮ ነው የሰማነው። ወሬው ተዛምቶ ከወንበራና ከማንዱራ ሳይቀር እንዲህ ዓይነት ሬዲዮዎች ይመጡልን ጀመር። ጋሼ በእያንዳንዱ ክዳን ውስጥ የተቀየረው ሰርኪዩት በእርሳስ የተሣለበት ወረቀት እንድለጥፍ ያዝዘኝ ነበር፤ ነገ የሚከፍተው ጠጋኝ ኤሲ 128 ፍለጋ እንዳይንከራተት።