ከጉና ግርጌ እስከ ጣና ቂርቆስ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታ ላይ ሻይ ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ያልፋል። እኔ ወደ ቀኝ ታጠፍሁ። የፎገራ ሩዝ እንዳለቀ አቀበቱ ይጀምራል፤ ገብሱና ድንቹ ብቅ ሲል ብርዱም አብሮ ይመጣል። ደብረ ታቦር ላይ ጋቢ ያልያዘ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ከተማዋን የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ራስ ዓሊም፣ አፄ ቴዎድሮስም፣ አፄ ዮሐንስም ተቀምጠውባታል። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ድል ነሥተው ሲደሰቱ ሳሉ የተማረኩት እዚሁ ነው። የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት ፈልጎ የሚመጣ ግን አያገኝም። ቴዎድሮስ በመስከረም 1860 መጨረሻ ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለዋት ነው የሄዱት።

ጋፋት ከከተማው ብዙም አይርቅም። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን የንጉሡን መድፍ ያቀለጡበት፣ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደበት ኮረብታ ነው። ማሳ የሚያርሙ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ፣ «አባባ፣ መድፉ የተሠራው የት ላይ ነው?» አልኋቸው።

«ኧረ ወንድምዓለም፣ ቆመህበታል እኮ!»

ጎንበስ ብለው ከእግሬ ሥር ጥቁር ጓል አነሡና በእጄ አኖሩልኝ። እሳት የጠበሰው፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ጣት የሚያጠቁር ነው። ያን መድፍ ከዚህ ኮረብታ አንሥቶ፣ መንገድ እየቆረጠ፣ ገደል እየናደ መጋቢት ላይ መቅደላ ያደረሰው የሰው ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው፤ ዋናው ዛሬም መቅደላ ነው። ጋፋት ላይ ግን ይህን ታሪክ የሚነግረኝ አንድ ጽሑፍ እንኳ አላየሁም፤ ይህ አንጀቴን አቃጥሎኛል።

ከ4,100 ሜትር በላይ ከሚዘልቀው ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ እኔም ወደዚያው ወረድሁ። ጣና ቂርቆስ ከጉማራ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከውኃው ላይ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የወጣ አለት ነው። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ሳትሄድ በፊት እዚህ እንደኖረች፣ እመቤታችንም ከስደት ስትመለስ እንዳረፈችበት መነኮሳቱ ይናገራሉ። ጫፋቸው የተቦረቦረ የድንጋይ አዕማድም አሉ፤ የኦሪት መሥዋዕት ደም የሚፈስባቸው ነበሩ ይባላል። ጣቴን ወደ አንዱ ጉድጓድ ሰደድ ባደርግ የዝናብ ውኃ ቋጥሮ ቆይቶኛል።

የደብረ ታቦር ምድር የነገሥታት ሰፈር ነበርና እነሱ ሲነሡ ባዶ ቀረ፤ ደሴቶቹ አደራቸውን አልለቀቁም። ዳጋ እስጢፋኖስ የዘርዐ ያዕቆብንና የፋሲለደስን አስከሬን እስከ ዛሬ ይጠብቃል። አሁን የሚያሳስበው ሐይቁን የወረረው እንቦጭ አረም ነው፤ በፎገራ ዳርቻ የታንኳ መንገድ ዘግቶ፣ ዓሣ አጥማጁን ያስመርራል።

ጣና ቂርቆስና ዳጋ ሴት አይገባባቸውም፤ እኅቶቼ ወደ ደቅ ተሻግረው እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴ ይዩ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደዚህ የምትመጡ ሁሉ ደሴቶቹን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ደብረ ታቦር አንድ ሌሊት እደሩ፣ ጋፋትም ውጡ። የሚመለከታችሁም፣ ያን ኮረብታ እርሻ ሳይጨርሰው አጥሩልን።