ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቲሩማላ

ቼናይ የገባነው በየካቲት መጀመሪያ ነው። እትዬ ለዓይን ሕክምና፣ እኔና ልጇ ደግሞ ለማስታመም። ያረፍነው ከሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ በሚወስድ ሰፈር፣ ባለቤቶቹ ምድር ቤቱን ይዘው ፎቁን ለታማሚ በሚያከራዩት ቤት ነው፤ በቀን 1,200 ሩፒ። ሙቀቱ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይበረታል፤ አየሩ የባሕር እርጥበት ስላለው ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። የቤቱን እመቤት ሁሉም «አማ» ይላቸዋል። በታሚልኛ እናት ማለት ነው፤ ለእኛም ለአፍ አልከበደንም።

ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ገና ሳይነጋ እትዬ ጠራችኝ። ዓይኗ እንደታሸገ ነው። «ስማ እስቲ፣ ይሄ ምንድን ነው? ቅዳሴ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከታች ከአማ ማእድ ቤት የአንዲት ሴት ድምፅ ይመጣል። ከበሮ የለው፣ ጭብጨባ የለው፤ ከሥሩ አንድ የማይቋረጥ የክር እምታ ብቻ አለ፤ ድምጿ ሳይቸኩል ይወርዳል፣ ይወጣል፣ አርኬው ባለቀ ቁጥር ወደ አንድ ቃል ይመለሳል። ዓይኗ ሲታሸግ ጆሮዋ በርትቶ ነው መሰለኝ፣ ቃሉን ከእኔ ቀድማ የያዘችው እትዬ ናት። በማግስቱ «ሱፕራባታም ነው የምትለው፤ ሂድና ጠይቅልኝ» አለችኝ።

ወረድኩ። አማ ደጃፉን ውኃ ረጭተው፣ ጎንበስ ብለው የሩዝ ዱቄት በሁለት ጣታቸው መካከል እያፈሰሱ መሬቱ ላይ ጥልፍ የመሰለ ነገር ይሠራሉ። ኮላም ይሉታል። መጀመሪያ ነጠብጣቦች ይደረደራሉ፤ ከዚያ አንድ መስመር ነጠብጣቦቹን ሳይነካ በመካከላቸው እየተጠማዘዘ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል። እጃቸው አንዴም አላመነታም፤ ከንፈራቸው ደግሞ ከስልካቸው ከሚወጣው ዜማ ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል። ቀና ሳይሉ ጉንዳኖች መጥተው ዱቄቱን መጎተት ጀመሩ። ላባርራቸው ስል «ተዋቸው ልጄ፣ ለእነሱም ነው» አሉኝ። ከዚያ በብረት ኩባያ ወተት የበዛበት ቡና፣ ከኩባያ ወደ ኩባያ ከፍ አድርገው እየገለበጡ አረፋ አስይዘው ሰጡኝ።

ድምፁ የኤም. ኤስ. ሱቡላክሽሚ ነው። የደቡብ ሕንድ ክላሲካል ዜማ ታላቅ ድምፃዊት ነበረች፤ እስከዚያ ጊዜ ለሙዚቀኛ ተሰጥቶ የማያውቀውን የሕንድ ከፍተኛውን የክብር ሽልማት፣ ባራት ራትናን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ያገኘች፣ በ2004 ያረፈች። ይህን መዝሙር በሸክላ ያስቀረጸችው በ1963 ሲሆን ገቢውን በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ሥር ላለው የቬዳ ትምህርት ቤት ሰጥታዋለች። አማ በልጅነታቸው በሸክላ ሰሙት፣ ልጆቻቸውን በካሴት አሳደጉበት፣ አሁን ስልካቸው ውስጥ ነው። በሰፈሩ መንገድ ላይ በዚያ ሰዓት ብሄድ ከስንት ቤት መስኮት እንደምሰማው ነገሩኝ፤ በማግስቱ ሄድኩና በአንድ መንገድ ከስድስት ቤት ሰማሁት። አንዱ ጀምሯል፣ አንዱ ሊጨርስ ነው።

ማታ በረንዳው ላይ የአማን ባለቤት አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ የሳንስክሪት መምህር ናቸው፤ ነጭ ሽርጥ አገልድመው በእጃቸው ማራገቢያ ይዘው ነበር። «መምህር፣ መዝሙሩ ምን ይላል?» አልኳቸው። «ሱ መልካም ነው፤ ፕራባታም ንጋት። መልካም ንጋት እንደማለት ነው። የሚባለው ግን ለአምላክ ነው» አሉ። በቲሩማላ ተራራ ላይ ቬንካቴሽዋራ ለሚሉት ለቪሽኑ፣ ሌሊቱ ሳያልቅ ከእንቅልፉ እንዲነሣ የሚቀርብ መቀስቀሻ ነው። የደረሰው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የቫይሽናቫዎች፣ የቪሽኑ አምላኪዎች፣ ሊቅ ነው። ፕራቲቫዲ ባያንካራም አና ይሉታል፤ የማዕረግ ስሙ ትርጉም «ለተከራካሪዎች አስፈሪ» ነው። ጉባኤ ላይ የሚፈራ ሰው ይህን የመሰለ ለስላሳ ነገር መድረሱ ገረመኝ።

መምህሩ ቅደም ተከተሉን በራሳቸው ቃል አወረዱልኝ። መክፈቻው ራማያና ከተባለው ስለ ራማ ከሚተርከው ጥንታዊ ቅኔ የተወሰደ ነው። ጠቢቡ ቪሽዋሚትራ ገና ልጅ የሆነውን ራማን መንገድ ላይ ካደሩበት ሲቀሰቅሰው የእናቱን ስም አንሥቶ ይጠራዋል፤ ያንን ይዞ ነው መዝሙሩ የሚነሣው። ከዚያ አስቀድሞ ለላክሽሚ፣ ለአምላኩ ባለቤት፣ መልካም ንጋት ይባላል። ከዚያ ደጅ ላይ ያለው ሁሉ ይዘረዘራል። ሰባቱ ጠቢባን ጸሎታቸውን አድርሰው ሎተስ የተባለውን የውኃ አበባ ይዘው መጥተዋል። የአማልክቱ መምህር ብሪሃስፓቲ የቀኑን አቆጣጠር እያነበበ ነው። የኮኮናት አበባ ሽታ ያዘለ ነፋስ ይነፍሳል። በቀፎ ያሉ በቀቀኖች ዓይናቸውን ገልጠው፣ ሳሕን ላይ የተረፈውን ሙዝና በወተት የተሠራ ጣፋጭ ቀማምሰው መዝፈን ጀምረዋል። ንቦች ከአበባው ወጥተዋል። በከብት አርቢዎቹ መንደር ሴቶች እርጎ ይንጣሉ፤ የመናጡ ድምፅ አራቱን ማዕዘን ሞልቷል። መምህሩ በጣታቸው እየቆጠሩ በአብዛኛው አርኬ እያንዳንዱ ስንኝ አሥራ አራት ቀለም እንዳለው አሳዩኝ።

እኔ ግን ቀለሙን ትቼ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። እናቴ ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሰኝ «ተነሥ» አትልም ነበር። ዶሮዎቹ ወርደዋል፣ ላሟ ታልባለች፣ የእነ እንትና ልጆች እኮ አልፈው ሄዱ ትላለች። የንጋቱን ወሬ ነው የምታወራልኝ። ይህ መዝሙር የሚናገረው በዚያ አንደበት ነው። አምላክ አይተኛም እየተባልኩ ላደግኩ ሰው ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ አምላክ ይተኛል ወይ? መምህሩን ጠየቅኋቸው። «አስቀድመህ ቲሩማላ ሂድና ስማው፤ ስትመለስ እንነጋገራለን» አሉኝ።

በሳምንቱ፣ እትዬን ከልጇ ጋር ትቶ መሄዱ የማያሳስበኝ ሲሆን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከቼናይ ማዕከላዊ ጣቢያ በባቡር ተነሣሁ። ባቡሩ ሳፕታጊሪ ይባላል፤ ሰባት ተራራ ማለት ነው። ቲኬቱ መቶ ሩፒ አልሞላም። ወንበሩ የእንጨት ያህል ይጠነክራል፤ በመስኮቱ የሩዝ ማሳ፣ ዘንባባ፣ ከዚያ ቀይ አፈርና ቋጥኝ ይመጣል። ከሦስት ሰዓት ከሩብ በላይ ሄደን ቲሩፓቲ ከተማ ደረስን። ጣቢያው አጠገብ ኢድሊ፣ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ በእንፋሎት የሚበስል ነጭ ቂጣ፣ ሦስቱን ከኮኮናት ማባያ ጋር በ40 ሩፒ በላሁ። ከዚያ ባለ ሦስት እግር ታክሲ፤ 200 ተብዬ በ150 ተስማማን፤ አሊፒሪ፣ የተራራው ግርጌ ጣለኝ።

ወደ ላይ አውቶቡስ አለ። እኔ በእግር ልውጣ አልኩ፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል፣ 3,550 ደረጃ። ሻንጣ ግርጌው ላይ ይቀበሉና በነፃ በመኪና ወደ ላይ ይልኩታል። ከፊቴ አንዲት የሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት ነበረች። በግራ እጇ ሁለት ከረጢት ይዛለች፣ አንዱ እርድ፣ አንዱ ቀይ ዱቄት። በእያንዳንዱ ደረጃ ጎንበስ ትላለች፤ በቢጫው ትቀባለች፣ በቀዩ ነጥብ ታደርጋለች፣ ቀና ብላ አንድ ደረጃ ትወጣለች። ሁሉንም ልትጨርስ ነው። ስለት ይሁን ልመና ልጠይቃት አፈርኩ፤ አልፌያት ሄድኩ፤ ኋላም ደጋግሜ ዞር ብዬ አየኋት። ወደ ላይ ጠጋ ሲባል የጉልበት ደረጃ የሚሉት ቦታ አለ። ሊቁ ራማኑጃ ተራራው ቅዱስ ነው ብሎ በእግሩ አልረግጥም በማለት በጉልበቱ ወጣው ይባላል፤ ዛሬም በጉልበታቸው የሚወጡ ሽማግሌዎች አየሁ። ሰባቱ ተራሮች ቪሽኑ የሚያርፍበት የእባቡ የሴሻ ሰባት ራሶች ናቸው ይላሉ።

አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ቲሩማላ ከባሕር ወለል በላይ 850 ሜትር ገደማ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ቆላ ቢሆንም ከቼናይ ለመጣ ደጋ ነው፤ ማታ ነጠላ ያስፈልጋል። ከተማው ሙሉ ጠጉሩን የተላጨ ሰው ነው፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን፤ በተላጨው ራስ ላይ ሰንደል ተለቅልቋል፤ ሽታው መንገዱን ይዞታል። ውበታቸውን ለአምላኩ መስጠታቸው ነው አሉኝ። በትልቁ የምግብ አዳራሽ ማንም ሰው በነፃ ይበላል፤ አዳራሹ ቬንጋማምባ በተባለች የ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ስም የተሰየመ ነው። እኔም ተሰልፌ በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝ፣ የምስርና የአትክልት ወጥ፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጭ በላሁ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ሳልጠይቀው ውኃ ቀዳልኝ።

ወደ ውስጠኛው መቅደስ ግን አልገባሁም። የሌላ እምነት ሰው ለመግባት በቬንካቴሽዋራ ላይ እምነት እንዳለው የሚገልጽ ቅጽ መፈረም አለበት። ቅጹ ትክክል ነው፤ ያላመንኩትን ብፈርም የማከብራቸውን ሰዎች መዋሸት ስለሆነብኝ ተውኩት። ውጭ ሆኜ ልሰማ ወሰንኩ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ ጫማዬን ማደሪያው ትቼ ወጣሁ፤ በመቅደሱ ዙሪያ ባሉት አራት መንገዶች በባዶ እግር ነው የሚኬደው። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ሰዎች ግንቡን ተደግፈው በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተኝተዋል። በመቅደሱ አጠገብ ባለው የተቀደሰ ኩሬ ውኃ ላይ የመብራቱ ጥላ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በድምፅ ማጉያው መጣ። የካህናቱ ድምፅ ነው፤ ከአማ ስልክ ከማውቀው ይጎረብጣል፣ ይፈጥናል፣ ግን ያው ነው። ማንም ጮኾ የቀሰቀሰ የለም፤ የተኙት ግን አንድ በአንድ ተነሥተው ተቀመጡ። አንዲት እናት ልጇን ጭኗ ላይ እንዳስተኛች አብራ ታንበለብላለች፤ ቃል አይስታትም። አንድ አዛውንት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጋጥመው ወርቅ የተለበጠውን የመቅደሱን ጉልላት ያያሉ። ሳንስክሪት አላውቅም፤ ስለ በቀቀኖቹ የሚለው የቱ ጋ እንደሆነ ልለይ ሞክሬ አቃተኝ። እትዬ የያዘቻትን ቃል ብቻ እየጠበቅሁ አርኬዎቹን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሃያ ዘጠኝ ናቸው ተብዬ ነበር፣ ሃያ ሰባት ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ስመለስ መምህሩ በረንዳው ላይ ነበሩ። በወርቅ ከተለበጠው የመቅደሱ በር በስተጀርባ የሚሆነውን እሳቸው ነገሩኝ። ማታ አንዲት ትንሽ የብር ምስል በተንጠልጣይ አልጋ ላይ እሹሩሩ ተብላ ትተኛለች፤ ሌሊት ከመዝሙሩ ጋር ትነሣለች፤ ከዚያ ወተት፣ ቅቤና ስኳር ይቀርባል። የሚናጠው እርጎ ትዝ አለኝ። «እንቅልፉ እንደ እኛ አይደለም፤ ተኝቶም ሁሉን ያያል» አሉ። «ታዲያ ለምን ይቀሰቀሳል?» አልኳቸው። እንዲህ አስረዱኝ። በእነሱ ትምህርት አምላክ በአምስት መልክ ይገለጣል፤ የመጀመሪያው ማንም የማይደርስበት ከፍታ ነው፤ የመጨረሻው መቅደስ ውስጥ ያለው ምስል ነው። በዚህ በመጨረሻው መልኩ ራሱን በሰው እጅ ላይ ይጥላል፤ ሲያበሉት ይበላል፣ ሲያስተኙት ይተኛል፣ ሲቀሰቅሱት ይነሣል። ይህን የሚያደርገው፣ ሰው ለመውደድ ሥራ ስለሚፈልግ ነው። ሥራ የሌለው ፍቅር ይደርቃል።

መዝሙሩም በመቀስቀስ አያበቃም፤ አራት ክፍል አለው። ከመቀስቀሱ ቀጥሎ ውዳሴ፣ ከዚያ እግሩ ሥር ወድቆ መጠጊያን መጠየቅ፣ በመጨረሻ ምርቃት ይመጣል። የሚመረቀው አምላኩ ነው። በእኛ አገር ታላቅ ታናሹን ነው የሚመርቀው፤ እዚህ ታናሹ ታላቁን መረቀ። መምህሩ የጥንቱን ባለቅኔ የፔሪያልቫርን ታሪክ አመጡልኝ። አምላኩ በግልጽ ሲታየው፣ ክፉ ዓይን እንዳይነካው ሰግቶ ብዙ ዘመን ኑር ብሎ መረቀው ይባላል። ይህ አንጀቴን በላው። የምስሉ ነገር አሁንም አልገባኝም፣ ሃይማኖቴም አይደለም፤ ለአምላክ መሥጋትን ግን ከዚህ በፊት ከማንም አልሰማሁም፤ እናት ለልጇ የምትሠጋውን ሥጋት ነው ወደ ላይ የላኩት።

ፎቅ ወጥቼ ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት። ፋሻው ተነሥቶላታል፤ ብርሃን ስለማይመቻት መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ስለ በቀቀኖቹ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። «እናታችን ናት እኮ» አለች። በማግስቱ ሳይነጋ ከአማ ስልክ ሲጀምር ተነሥታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

የምትሄዱ ካላችሁ ጊዜውን ልብ በሉ። ከታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ጥር የመጀመሪያ ሳምንት፣ ዳኑርማሳ በሚሉት ወር፣ ይህ መዝሙር በቲሩማላ አይዘመርም። በምትኩ አንዳል የተባለችው ባለቅኔ በታሚልኛ የደረሰችው ባለ ሠላሳ አርኬ ቲሩፓቫይ ይዘመራል። ወሩ ሲያልቅ ሱፕራባታም ወደ ቦታው ይመለሳል። ነጠላ ያዙ፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል።